ዘመድ «አማክሪን» ይለኛል፣ ፕሮፌሰሬ «ተሳተፊ» ትለኛለች

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከቨርጂኒያ ናት። ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። የካውንስሊንግ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ፕራክቲከም፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ እጀምራለሁ። ፕሮፌሰሬ ባገኘችኝ ቁጥር ‹የሙያ ማኅበር ግቢ፣ ኮንፈረንስ ሂጂ፣ በማኅበረሰብሽ ውስጥ ተሳተፊ› ትለኛለች። መቼ? በየትኛው ሰዓት? የክፍሌ ልጆች ሲቪ ሞልቷል። የኔ ባዶ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ማኅበረሰቡ እኔን አልተወኝም። ካውንስሊንግ እንደምማር ከተሰማ ወዲህ እድር ስሄድ፣ ልቅሶ ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ጥግ አስይዞ ችግሩን ይነግረኛል። አሁን አክስቴ የ16 ዓመት ልጇ ከክፍሉ አልወጣ ብሏት ‹ቅዳሜ ይዤው ልምጣና አነጋግሪልኝ› ብላኛለች። እምቢ ብል ‹ተማረችና ኮራች› ልባል ነው። እሺ ብል ደግሞ የተማርኩት ሌላ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና እድር መሄድ ትቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ»

የኔ እህት፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እድርሽን አትተዪ።

የሸሸሽበት ምክንያት ይገባኛል። ሰው ጭንቀቱን ይዞ ሲመጣብሽ ዝም ብለሽ ማለፍ አልቻልሽም። እንደ ባለሙያ መርዳትም ገና አልተፈቀደልሽም። ስለዚህ መቅረቱ ቀለለሽ። ግን እኔ እንደማየው የጨነቀሽ ሁለት ነገር ስለተደባለቀብሽ ነው። ፕሮፌሰርሽ «በማኅበረሰብሽ ውስጥ ተሳተፊ» ስትልሽ አንቺ የሰማሽው «ማኅበረሰብሽን አማክሪ» የሚል ነው። እሷ እንደዚያ አላለችም። ማማከር በር ያለው ክፍል ይፈልጋል። ቀጠሮ ይፈልጋል፣ የስምምነት ፊርማ ይፈልጋል፣ ሥራሽን የሚከታተል ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል። መሳተፍ ግን ሰው በተሰበሰበበት ተገኝቶ የሚያውቁትን ማካፈልና ለተቸገረ ሰው መንገድ ማሳየት ነው። ለዚህኛው ዛሬም ብቁ ነሽ።

ይሄን የምልሽ ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። እኔም እንዳንቺ ካውንስሊንግ ስማር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ አንድ ልቅሶ ቤት ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ አጥብ ነበር። አንዲት የማከብራት ሴት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ከዚያ እጇን ሰዳ ቧንቧውን ዘጋችው። እጄ በአረፋ እንደተነከረ ስለ ባሏ ነገረችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ አወጣሁላት። አዳመጥኩ። ያለችውን በራሴ ቃል መልሼ ነገርኳት። በመጨረሻ ግን «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» አልኳት። አቅፋኝ ወጣች። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ሴት ዓይኔን ማየት አልቻለችም። እኔ ከተቀመጥኩበት ትነሳለች። ሰላምታዋ አጠረ። ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ እሱንም ታውቃለች። ነገር ግን ባየችኝ ቁጥር ያ ጓዳ ይመጣባታል። በየወሩ እድር እንገናኛለን፣ በየእሁዱ እንተያያለን፣ ባሏም ሰላም ይለኛል። የምታርፍበት ቦታ አጣች። የማማከሪያ ክፍል በር ያለው ለዚህ መሆኑን ያኔ ገባኝ። ሰው ገብቶ ይናገራል፣ ወጥቶ ወደ ኑሮው ይሄዳል። የሰማው ሰው ክርስትና ላይ አጠገቡ ተቀምጦ እንጀራ አይቆርስም።

የአሜሪካ ካውንስሊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ይሄን ይከለክላል። በገለልተኛ ዓይን ልታዪው የማትችይውን ወዳጅ ወይም ቤተሰብ ደንበኛ አድርገሽ አትይዢም። መጀመሪያ ሳነበው ለፈረንጅ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ክፍል ውስጥ ተከራክሬያለሁ። የኛ ሰው ችግሩን ለማያውቀው ሰው አይናገርም፤ ለንስሐ አባቱ፣ ለሽማግሌ፣ ለታላቅ እህቱ ነው የሚናገረው አልኩ። ቆይቶ ሳስበው ግን የንስሐ አባትም የሰሙትን አያወጡም። ሽማግሌም ሲመረጥ ለሁለቱም ወገን እኩል የሆነ ሰው ነው የሚፈለገው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚስትን ታናሽ እህት ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ አለ? የለም። ደንቡ የሚለው እኛም የምናውቀውን ነው።

ታዲያ ጥግ አስይዘው ሲነግሩሽ ምን ትያለሽ? እኔ ከዓመታት በኋላ ያገኘሁት አነጋገር ይሄ ነው፦ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ተገቢው ሰው ሊሰማው ይገባል። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ደግሞም ቤተሰብ ነኝ። ግን ብቻዎትን አልተውዎትም፤ የሚሆን ሰው አብረን እንፈልጋለን።» ከዚያ በእርግጥ ፈልጊ። ማክሰኞ እደውላለሁ ካልሽ ማክሰኞ ደውዪ። «ኮራች» የሚያስብለው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሁለተኛውን መተው ነው። የኛ ሰው እምቢታን ይቀበላል። የማይቀበለው ጥሎ መሄድን ነው።

አንድ ጊዜ ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። አንድ ሰው ልሙት ልሙት እንደሚለው ከነገረሽ፣ ወይም ንግግሩ ካጠራጠረሽ፣ «ተማሪ ነኝ» ብለሽ አታልፊ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ከአጠገቡ አትነሺ። ራሱን ሊያጠፋ ላሰበና ለጨነቀው ሰው ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ 988፣ ደውሉ። ይህ ቁጥር በመላው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ ይሠራል፤ ሌሊትም ቀንም ሰው ያነሳል። በስልክ ከሆነ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ጽሑፍ በመላክ ከሆነ ግን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው። ለእናቶቻችን ይሄን ልዩነት ንገሪያቸው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ዓይንሽ እያየ ከሆነ ደግሞ 911 ነው።

አሁን ወደ ሙያ ማኅበሩ እንሂድ። እዚህ ላይ ፕሮፌሰርሽ ልክ ናት። ምክንያቱን ግን በደንብ ያስረዳችሽ አልመሰለኝም፤ አንቺ ስለ ሲቪ ነው የመሰለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተመረቅሽ በኋላ ላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ ለማግኘት 3,400 ሰዓት በሱፐርቫይዘር ሥር መሥራት ይጠበቅብሻል። ከዚያ ውስጥ 2,000ው ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ነው። 200 ሰዓት ደግሞ ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ሥራሽን የምትገመግሚበት ነው። ያን ሱፐርቫይዘር ማን ይሰጥሻል? ትምህርት ቤትሽ አይደለም፤ ተመርቀሽ ወጥተሻል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ያዘጋጃል። ከሌለ ራስሽ ፈልገሽ፣ ከኪስሽ ከፍለሽ ነው። ከማን ጋር እንደምትሠሪ መምረጥ የምትችይው ደግሞ ሰው ካወቅሽ ነው። አንዳንዱ ሱፐርቫይዘር ፈርሞልሽ ይሸኝሻል። አንዳንዱ በእርግጥ ያስተምርሻል። ልዩነቱን ድረ ገጽ አይነግርሽም።

የኔን ሱፐርቫይዘር ያገኘኋት የስም ካርድ በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመመዝገቢያው ዋጋ ስለከበደኝ አንድ የካውንስለሮች ስብሰባ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ገባሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል የስም ካርድ አደልኩ። የራሴ ስም ተሳስቶ ታትሞ ነበር። አንዲት ሽበታም ሴትዮ ካርዷን ተቀብላ ልትሄድ ስትል ደረቴ ላይ ያለውን አነበበችና «እውነተኛ አጠራሩ እንዴት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ደጋግማ እስኪስተካከልላት አልሄደችም። ምሳ ሰዓት ላይ ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት፣ ስለ ኛ ሰው ጠየቀችኝ። ስመረቅ የደወልኩት ለእሷ ነበር። ለስሜ እንዲህ የተጠነቀቀች ለደንበኛዬም ትጠነቀቃለች ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም።

ሙያ ማኅበር እንደ እድር ነው የኔ እህት። ሰው የሚተዋወቀው ስም ሲያስመዘግብ አይደለም፤ ድንኳን ሲተክል ነው። ስለዚህ አምስት ማኅበር ከፍለሽ አትመዝገቢ። አንድ ምረጪ። እኔ ብሆን የቨርጂኒያ ካውንስለሮች ማኅበርን እመርጥ ነበር። ላይሰንስ የምትጠይቂው እዚህ ስቴት ነው፣ ሱፐርቫይዘርሽም እዚሁ ነው ያለው። ታላቁ የአሜሪካ ካውንስሊንግ ማኅበር እዚያው አንቺ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ነው መቀመጫው፤ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበርም እንደዚሁ። ለሰው ሩቅ አገር የሆነው ለአንቺ የአውቶቡስ መንገድ ነው። የተማሪ አባልነት ከሙሉው ይረክሳል። ከመክፈልሽ በፊት የአባልነቱን ጥቅም ዝርዝር አንብቢና የኃላፊነት መድን ይኖረው እንደሆነ እዪ። ፕራክቲከም ስትጀምሪ መድን መያዝሽ ስለማይቀር አንዱ ወጪ ሌላውን ሊሸፍንልሽ ይችላል።

ውጤትሽ ጥሩ ከሆነ ካይ ሲግማ አዮታ የሚባለውን የካውንስሊንግ የክብር ማኅበርም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። የአንቺም ትምህርት ቤት ካለው ስብሰባው ግቢ ውስጥ ነው፤ ክፍል ከመግባትሽ በፊት ትደርሺዋለሽ። ከሌለው ግን አትጨነቂበት።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሺ። ለካውንስለሮች ላይሰንስ በሕግ የደነገገችው የመጀመሪያዋ ስቴት ቨርጂኒያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1976። የመጨረሻዋ ካሊፎርኒያ ናት፣ በ2009። በመካከሉ 33 ዓመት አለ። በየስቴቱ ካውንስለሮች ተደራጅተው፣ ደብዳቤ ጽፈው፣ ምክር ቤት ተመላልሰው ነው ያስወጡት። አንቺ ነገ የምታገኚው ወረቀት እንደ አንቺ ሥራና ልጅ የነበራቸው ሰዎች የደከሙበት ነው። ይሄን ሳስብ የማኅበር መዋጮ ስከፍል ቅር አይለኝም።

«መቼ?» ላልሽው። በወር ሁለት ሰዓት። በሳምንት አላልኩም። አንድ የማኅበር ስብሰባ፣ በዙም ከሆነ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የቀረውን ተዪው። ፕሮግራምሽ ካክረፕ የሚባለው አካል እውቅና የሰጠው ከሆነ ፕራክቲከሙ ቢያንስ 100 ሰዓት ነው፣ 40ው ከደንበኛ ጋር። ከዚያ ኢንተርንሺፑ 600 ሰዓት ይመጣል፣ 240ው ከደንበኛ ጋር። በእነዚያ ወራት አዲስ ነገር አትጀምሪ። ሌሊት ሠርተሽ፣ ጠዋት ልጅ አድርሰሽ፣ ከሰዓት የሰው ሐዘን ለመስማት የምትቀመጪ ሰው ነሽ። እንቅልፍሽም የደንበኛሽ መብት ነው። የደከመ ካውንስለር ደንበኛ ፊት መቀመጥ እንደሌለበት ደንቡም ይናገራል፤ ለተማሪም ጭምር።

ሲቪዬ ባዶ ነው ያልሽውን ግን አልቀበልም። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት የምትሠሪ ሰው ምን እንዳየሽ አውቃለሁ። የልጆቿን ስም የረሳች እናት ሌሊት ስትነሳ አብረሽ ቁጭ ብለሻል። ሰው ሲሞት እጁን ይዘሽ ነበር ይሆናል። ቤተሰብ መጥቶ ሲጣላ በመካከል ቆመሻል። የክፍልሽ ልጆች ይሄንን የሚያነቡት ከመጽሐፍ ነው። ሲቪ ላይ «ተንከባካቢ» ብለሽ አንድ ቃል ጽፈሽ አልፈሽዋል አይደል? ከፕሮፌሰርሽ ጋር ተቀምጠሽ በደንብ ጻፊው።

ሌላም አለሽ። ቋንቋ። እስኪ እናቶቻችን ሲጨነቁ ምን እንደሚሉ አስቢ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ።» «ቀልቤ አልሰበሰብ አለ።» «ይሄ ልጅ ጨጓራዬን ላጠው።» የመጨረሻዋን አስተርጓሚው እንዳለ ይተረጉመውና ሴትዮዋ ለጨጓራ ምርመራ ትላካለች። ጨጓራዋ ደህና ነው ተብላ ትመለሳለች፣ ጭንቀቷ ግን አብሯት ይመለሳል። ድብርት ሲባል አንዱ ለአንድ ከሰዓት የሚጫጫነውን ስሜት ይረዳል፣ ሌላው ለወራት የሚቆየውን ሕመም። ይሄን የሚያውቅ ካውንስለር በዚህ አካባቢ ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ሰው ግን ከኮሎምቢያ ፓይክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሞልቷል። እነዚህን አነጋገሮች ሰብስበሽ፣ ከፕሮፌሰርሽ ጋር አንድ ፖስተር አዘጋጅተሽ፣ በስቴቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ ብታቀርቢ ተማሪ መሆንሽ አያግድሽም። የአንድም ደንበኛ ታሪክ አያስፈልግሽም። ሁሉም ሰው በየቤቱ የሚለው ቃል ነው። አንቺ ኮንፈረንስ መሄድን ከሰው ለመቀበል ብቻ አድርገሽ አይተሽዋል። የምትሰጪው አለሽ።

በዚሁ ቋንቋ ምክንያት ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፕራክቲከም ስትገቢ ቢሮው አማርኛ እንደምትችይ ሲያውቅ ይደሰታል። መጀመሪያ አንድ ቅጽ ተርጉሚልን ይሉሻል። ቀጥሎ ስልክ። ቀጥሎ የሌላ ካውንስለር ደንበኛ ጋ ገብተሽ አስተርጉሚ። ሳይታወቅሽ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ አንቺ ግን ሌሎች ሲያማክሩ ስታስተረጉሚ ከረምሽ። እኔን ደርሶብኛል። ማስተርጎም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ሥልጠናና ክፍያ ያለው። በመጀመሪያው ሳምንት ለሱፐርቫይዘርሽ በጨዋ ቃል ንገሪው፦ «አማርኛ የሚናገሩ ደንበኞችን ብይዝ ደስ ይለኛል፤ ለማስተርጎም ግን ባለሙያ ይጠራልኝ።» ዲሲ ውስጥ ከሆንሽ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሰው መብቱ መሆኑን ሳያውቅ የአሥር ዓመት ልጁን ሐኪም ፊት ያስተረጉማል። ልጁ የእናቱን ሕመም በራሱ አፍ ሲናገር አስቢው። ይሄን ለእድርተኛው መንገር አንዱ ተሳትፎሽ ይሁን። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የኛን ሰው ደንበኛ አድርገሽ ስትይዢ የሚመጣ ሌላም ነገር አለ። ሰላምታ። የሙያው ልማድ ውጭ ስትገናኙ ደንበኛው ቀድሞ ሰላም ካላለሽ አንቺ እንዳታዪው ሆነሽ ማለፍ ነው፤ ምስጢሩን ለመጠበቅ። ለኛ ሰው ግን ሰላምታ መንፈግ ኩርፊያ ነው። ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስትገዛ አይታሽ፣ ዝም ብለሽ ብታልፊያት፣ «ምን አደረግኳት?» ብላ ሌሊቱን አትተኛም። በሚቀጥለው ቀጠሮም ላትመጣ ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። «ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልሽም፣ ማን ናት ብለው እንዳይጠይቁሽ ነው። አንቺ ሰላም ካልሽኝ ግን ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ» በያት። ይሄን ሳልናገር የቀረሁባቸው ጊዜያት አሁንም ይቆጩኛል።

ማኅበረሰቡ ውስጥ ምን ልሥራ ካልሽ፣ ከፕራክቲከም በፊት ባለሽ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ቤተ ክርስቲያንሽ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ለወላጆች አንድ ሰዓት ጠይቂ። ርዕሱ «የአእምሮ ሕመም» አይሁን፤ ሰው ሊያየኝ ይችላል ብሎ አይመጣም። «ልጆቻችንና ስልክ» ወይም «የልጆች እንቅልፍና ትምህርት» በይው፣ አዳራሹ ይሞላል። ብቻሽን አትቅረቢ፤ ላይሰንስ ያለው ሰው ጋብዢ። አንቺ ገና ከመጀመሪያው «ተማሪ ነኝ» ብለሽ ተናገሪ። ካህኑን አስቀድመሽ አነጋግሪ። ጠላትሽ አይደሉም፤ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው፣ ወደ ሐኪም የሚልኩበት ቁጥር ቢኖራቸው ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። ንግግሩ ሲያልቅ ሰው ይሰለፍብሻል። ለዚያ ሰዓት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑርሽ። 988፣ የከተማው ወይም የካውንቲው የአእምሮ ጤና ስልክ፣ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች ስምና ቁጥር፣ እነሱን አስፈቅደሽ። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችን ሲያቋቁም የኖረ ድርጅት ነው፤ የትኛው አገልግሎት የት እንዳለ ለማወቅ እዚያም ጠይቂ። በየስድስት ወሩ ደውለሽ ቁጥሮቹ እንደሚሠሩ አረጋግጪ። የማይሠራ ቁጥር ለጨነቀው ሰው መስጠት ካለመስጠት ይብሳል።

እነሆ ተሳትፎ። ማንንም አላማከርሽም። ለሰው ግን ጠቅመሻል፣ ፕሮፌሰርሽም የምትለው ይሄንኑ ነው።

አሁን አክስትሽ።

ልጁን ይዛ አትምጣ። ለምርመራ የቀረበ ከመሰለው አንቺንም ያጣሻል፤ ዘመድ ሆነሽ የምትቀርቢው ሰው ነሽ። ለእሷ ዛሬውኑ ደውዪላት። «አክስቴ፣ ቅዳሜ እኔ ልምጣ፤ እናንተው ቤት ቡና እንጠጣ» በያት። ስትሄጂ መጀመሪያ የምትፈልጊው ልጁ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ተናግሮ ወይም አድርጎ እንደሆነ ነው። ካለ ቡናው ይቆይ፤ ወደ 988 ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከሌለ ተቀመጪና ስሚያት። መቼ ጀመረው? ይበላል? ይተኛል? ትምህርት ቤት ቀርቷል? ስታወራ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፊላት፤ ሰኞ ይጠቅማታል።

ሰኞ አብራችሁ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ትደውላላችሁ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ከሆነ አይከፈልበትም። ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታም አለበት፤ ስለዚህ አንቺ አታስተርጉሚ፣ እንዲጠሩላት ጠይቂ። በመጀመሪያው ቀን ካልመለሱላችሁ አትዘኑ። የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ ካውንስለር ይሁን ይላል፣ ብዙ ቦታ ግን አንዱ ካውንስለር ከዚያ በላይ ነው የሚይዘው። እሮብ ደግማችሁ ደውሉ። የልጁንም ሐኪም ቀጠሮ ያዙ፤ አንዳንዴ እንዲህ ያለው ነገር ከደም ማነስ ወይም ከሌላ የሰውነት ሕመም ጋር ይያያዛል፣ መታየት አለበት።

ለልጁ ደግሞ የአክስቱ ልጅ ሁኚለት። ቅዳሜ በሩን አንኳኩተሽ «ቡና ተፈልቷል፣ ከፈለግክ ና» ብለሽ ተመለሺ። ባይመጣ ፈንዲሻውን በሩ ላይ አስቀምጪለት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አክስትሽን በመኪናሽ አድርሻት። መጠበቂያው ክፍል ከጎኗ ተቀመጪ። ስሙ ሲጠራና ልጁ ወደ ውስጥ ሲገባ አንቺ እዚያው ከእሷ ጋር ቆዪ።